ታች፣ መሐል፣ ላይ

ቤይሩት፣ ዶራ
መጋቢት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ኸይረዲን ነው። ከሰላምታዬ በፊት ስሙን የጻፍኩት፣ ሌላውን ሳታነቢው ብትተዪው እንኳ ይህን አንድ ስም እንድታውቂው ብዬ ነው። የምንኖርበት ሕንፃ ባለቤት ነው። ጸጉሩን ቀለም የሚቀባ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚደርስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ኸይረዲን ነው።

ለእናቴ ልጅ፣ ለእህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የደሴ ብርድ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ስላንቺ ሳስብ ነው የከረምኩት። ጎረቤቶችሽስ ደኅና ናቸው? የአጥሩ ማዶዋ ባልቴት በሕይወት አለች? እኔ ደኅና ነኝ ማለት ወጉ ነበር። አልልም።

ጽሕፈቱ የቀፀላ እንዳልሆነ ገና ፖስታውን ስታዪ አውቀሽዋል። እስከ ዛሬ ከኔ የደረሰሽን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈችው ልጅሽ ናት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ "እንዲህ በያት" እላለሁ፣ እሷ ደግሞ ካልኩት አሳምራ ትጽፈዋለች። ስቆጣ ያልኩትን ሁሉ ትታ "ትናፍቂኛለሽ" ብላ ትጽፍልሽ እንደነበር ኋላ ነው የነገረችኝ። ይህን የምጽፈው ግን እኔው ራሴ ነኝ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ። አንዱ ገጽ ሁለት ቀን እየፈጀብኝ ነው። መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል ቢልብሽ ታገሺኝ።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ዙሀራ ናት። እዚህ ከኛ ያልተለየች፣ የደሴ ልጅ፣ ቤታቸው ከገበያው በላይ ነው። ብቻዋን አትመጣም።

እህቴ፣ ፊደል የቆጠርሽው አንቺ ነሽ። አባታችን ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ማስተማር እችላለሁ ባለ ጊዜ፣ አንቺ ለሥራ ያልደረስሽ ስለነበርሽ ተማሪ ቤት ገባሽ፤ እኔ እንስራ መሸከም ስለቻልኩ እቤት ቀረሁ። ይህን በሆዴ ይዤ ስንት ዓመት ኖርኩ። አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነሽ ስትፈርሚ፣ እኔ የሰው ቤት ወለል ሳጥብ አረጀሁ። አሁን የማነሳው ቂሜን ልወጣብሽ አይደለም። ፊደል ማን እንዳስተማረኝና መጀመሪያ ምን እንደጻፍኩበት እንድታውቂ ነው።

ቤታችንን ልንገርሽ፤ ቀፀላ አሳምራ የጻፈችልሽን እርሺው። ሕንፃው ዘጠኝ ፎቅ ነው፣ መኪና የማይቋረጥበት አውራ ጎዳና አጠገብ። እኛ የምንኖረው ከሁሉ በታች፣ ከደረጃው ሥር ባለች አንዲት ክፍል ነው። በሕንፃው መሐል ከመሬት እስከ ጣሪያ የሚወጣ ጠባብ ጉድጓድ አለ፣ መንወር ይሉታል፤ የየወጥ ቤቱ መስኮት ወደዚያ ነው የሚከፈተው። የኛም አንዲት መስኮት ወደዚያ ነች። እዚህ አገር መብራት በቀን ውስጥ እየሄደ ይመጣል። ስለዚህ ኸይረዲን ከመንወሩ ሥር፣ ከመስኮታችን ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ በናፍጣ የሚሠራ ትልቅ ሞተር ተከለ። ለሕንፃውም ለሰፈሩም መብራት ይሸጥበታል። የሞተሩ ጭስ በብረት ቧንቧ እስከ ጣሪያ ይወጣ ነበር። ቧንቧው ያን ጊዜ አሮጌ ነበር፣ በየመገጣጠሚያው ያፈስ ነበር፤ ቢሆንም ይወጣ ነበር። ይህን ያዢልኝ።

ቀፀላ ሐዝሚዬ ከነበረችበት ቤት ለምን እንደወጣች ጽፋልሻለች። ማዳሟ በር ቆልፋባት ሁለት ቀን ስለሄደች ነው የወጣችው። ፓስፖርቷ እዚያው ቀረ። የኔም ድሮ ከነበርኩበት ቤት እንደቀረ ነው። ወረቀት የሌለንን ሁለት ሴቶች፣ ኸይረዲን ብቻ ነው ሳይጠይቅ ያከራየን። እኔ በክራዩ ፋንታ የሕንፃውን ደረጃ አጥባለሁ፤ እሷ በቀን እየወጣች ልብስ ትተኩሳለች።

አንድ አልጋና አንድ ፍራሽ ነበረን። ልጅሽ "አክስትዬ፣ አንቺ ወለሉ ላይ ወገብሽን ያምሻል፣ አልጋው ላይ ተኚ" ስትለኝ እሺ አልኳት። ግን በወገቤ ምክንያት አልነበረም። እናታችን እሳቱ ሲጨስ "ዝቅ በሉ ልጆች፣ ጭስ ወደ ላይ ነው" እያለች ጭንቅላታችንን ወደ መሬት ታስጎነብሰን እንደነበር ታስታውሻለሽ? እኔም እሱን ይዤ፣ ጭሱን እኔ ከላይ ልቀበልላት፣ እሷ ከታች ንጹሑን ትተንፍስ ብዬ፣ ፍራሿን ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ አነጠፍኩላት። በገዛ እጄ። በየሳምንቱ ሳራግፈው አንሶላዋ ግራጫ ነበር። በሳሙና አጠብኩትና መልሼ አነጠፍኩት።

ባለፈው መስከረም ዶክቶራ ሰሊማ መጣች። ራስ ቤሩት ያለች የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት፤ አጭር፣ መነጽራም፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ። ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖረው ጠበቃ ዘመዷ ነው፤ ኸይረዲን እሱን ስለሚያፍረው ፈቀደላት። ሦስት ሳጥኖች አመጣች። አንዱን እኛ ክፍል፣ አንዱን አምስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ፣ አንዱን ጠበቃው በረንዳ ላይ አስቀመጠች። ሳጥኑ ቀንና ሌሊት እያጉረመረመ አየር ይስባል። በሚስብበት አፍ ላይ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል ክብ ነጭ ወረቀት ይገባል። አየሩ አልፎ ሲሄድ ውስጡ ያለው ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ የሚታየውን አቧራ አይደለም አለችኝ፤ እሱን አፍንጫ ይይዘዋል። እሷ የምትፈልገው የማይታየውን ነው። ከአንድ ጸጉር ሠላሳ ጊዜ የቀጠነ ነው፣ ሳል አያወጣውም፣ ሳንባ ሥር ገብቶ ይቀመጣል አለችኝ። ሰው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ ቢኖር ምን ያህሉን እንደሚተነፍስ ማወቅ ነበር ሥራዋ።

ዙሀራ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እትዬ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ አቧራ ስትጠርጊ መርሲ ያለሽ የለም፤ እሷ ለቅማ ልትመዝነው ነው?" አለችኝ። ቀፀላም ተቀብላ፣ "ተያት ዙሀራ፣ የአክስቴ አቧራ ዲግሪ ሊይዝ ነው" አለች። ያን ቀን ሳቅን። ሦስታችንም።

ወረቀቶቹን በየጠዋቱ የሚቀይር ሰው ያስፈልግ ነበር። ደረጃውን ከላይ እስከ ታች የማጥብ እኔ ነኝ። ዶክቶራዋ አሮጌውን በወረንጦ አንስቼ በትንሽ ፖስታ እንዳደርገው፣ ፖስታው ላይም ከየትኛው ሳጥን እንደወጣ እንድጽፍ አሳየችኝ። መጻፍ ትችያለሽ ወይ አለችኝ። አልችልም ልላት አፌን ስከፍት ቀፀላ ቀድማኝ "ትችላለች፤ በራሳችን ፊደል ትጽፋለች፣ እኔ ባረብኛ እገለብጠዋለሁ" አለቻት። ሴትየዋ ስትወጣ ዓይኔን አፈጠጥኩባት። "ምነው አክስትዬ፣ እስከ ነገ እኮ ትችያለሽ" አለች።

የሳሙና ካርቶን ቀድዳ ጀርባው ላይ አስተማረችኝ። ታች። መሐል። ላይ። "ሰባት ፊደል ነው፣ ሰባት ፊደል ካወቅሽ ሥራ ያዝሽ ማለት ነው" አለችኝ። እጄን በእጇ ይዛ ነበር የምታስጽፈኝ። እጇ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ እንደሆነ ታውቂያለሽ። "ታ"ን ስጽፍ ሆዱን አሳብጬው "ይሄ እኮ ያረገዘ ታ ነው" ብላ አሾፈችብኝ። አንቺ ስድስት ዓመትሽ ላይ ያወቅሽውን እኔ ልጅሽ እጅ ውስጥ ሆኜ ተማርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጠዋት የኛን ሳጥን ከፈትኩ። ወረቀቱ እንደ ፋኖስ ብርጭቆ ጠቁሯል። አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ አመድ መስሏል። ዘጠነኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያለውን ሳወጣ ሻይ ጠብ እንዳለበት ጨርቅ ትንሽ ወይቧል እንጂ ነጭ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ጭሱን ነበር የሚያማው። እኔ ግን ፊቴ በእፍረት ተቃጠለ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት ንጹሕ ነች ተብዬ ነው፤ ሌላ ማዕረግ የለኝም። የነሱ ቤት ነጭ፣ የኔ ጥቁር! ገብቼ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን በበረኪና ፈተግሁ። በማግስቱ ጠቆረ። ደግሜ ፈተግሁ። በሦስተኛውም ቀን ጠቆረ። ጭስ ወደ ላይ ነው ብዬ ስለማምን፣ ሳጥኑ ያበደ ወይም እኔ የረከስኩ መስሎኝ ነበር። በሦስቱም ቀን ግን ያየሁትን ጻፍኩ። ታችን ታች፣ ላይን ላይ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ኸይረዲን ለሞተሩ ናፍጣ ሊያስቀዳ ወርዶ፣ ጥቁሩን ወረቀት በወረንጦ እንደያዝኩ አገኘኝ። ሐጄ እያለ ነው የሚጠራኝ፤ እዚህ አሮጊትን ሁሉ እንዲህ ይላሉ። "ያ ሐጄ፣ ይሄ ከየት የወጣ ነው?" አለኝ። ከኛ ክፍል አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ በዚያ በቀስታ ድምፁ እንዲህ አለኝ፦ ዶክቶራዋ ይህን ካየች ለማዘጋጃ ቤት ትጽፋለች፤ ማዘጋጃ ቤት ሰው አይኖርበትም ብሎ ክፍሉን ያሽገዋል። "ያኒ፣ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ዕቃ አስቀምጥበታለሁ። እናንተ ግን ወረቀት የላችሁም፤ ያቺ ልጅ መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያገኛት ሐራም ነው" አለኝ። ቀይሪው አላለኝም እህቴ። በሐሰት አልመሰክርበትም። "አንቺ ንጹሕ ሰው ነሽ፣ ታውቂበታለሽ" አለኝና እጁን ጠራርጎ ወጣ።

በአራተኛው ጠዋት ጥቁሩን ወረቀት ፖስታ ውስጥ አስገብቼ፣ ፖስታው ላይ "ላይ" ብዬ ጻፍኩ። ነጩ ላይ "ታች" አልኩ። መሐሉን አልነካሁትም። እንዲህ እያደረግሁ ሃያ ስድስት ቀን ጻፍኩ። ልክ የሆነ ነገር የሠራሁ ነበር የመሰለኝ። እንግዲህ ጭስ ወደ ላይ ነው አይደል? ወረቀቱን ያቃናሁት እኔ ነኝ አልኩ።

ቀፀላ ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ ፖስታዎቹን ባረብኛ ትገለብጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ ፖስታ ከፍታ ወረቀቱን አየችና "አክስትዬ፣ ዘጠነኛ ፎቅ እንዲህ ይጠቁራል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ገለበጠችው።

ኅዳር ላይ የሕንፃው ሰዎች ጠበቃው ቤት ተሰበሰቡ። ሻይ እንዳቀርብ ተጠርቼ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዶክቶራዋ ወረቀት ዘርግታ አነበበች። ከላይ የሚኖሩት ከታች ካሉት አራት እጥፍ የሚሆን ክፉ አየር ይተነፍሳሉ አለች። እሷም ግራ እንደገባት ተናገረች፤ የተገላቢጦሹን ነበር የጠበቅሁት አለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ከሌሎቹ ጋር ስለማይገጥሙ፣ ሳጥኑ ገና ሳይስተካከል ነው ብላ ጥላቸዋለች። ስሚ፣ እውነት የነበሩት እነዚያ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

የጠበቃው ሚስት ልጆቿን ጠርታ አቀፈቻቸው። ቧንቧው ከወጥ ቤቴ መስኮት አጠገብ ነው የሚተፋው ብላ ጮኸች። ሁሉም ጮኹ። ኸይረዲን እጁን አንስቶ "ኸላስ፣ በቃ፣ እቆርጠዋለሁ" አለ። ከዚያ ከትሪዬ ላይ ሻይ አንስቶ "መርሲ ያ ሐጄ" አለኝ። እዚህ ሕንፃ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ አመስግኖኝ አያውቅም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ብየዳ ሠራተኛ መጣና ቧንቧውን ከመስኮታችን አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቆረጠው። የላይኛውን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጡት። ከዚያ ጀምሮ የሞተሩ ጭስ እኛ ጋ ቀረ።

አንቺ እናት ነሽ፣ የቀረውን በዝርዝር ብጽፍልሽ ግፍ ይሆንብሻል። ታኅሣሥ ላይ ደረቅ ሳል ያዛት። በጥር ደረጃ መውጣት አቃታት። አምስተኛ ፎቅ ልብስ ልታደርስ ወጥታ ሦስተኛው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ "ደረጃሽ እንዴት እንደጠራ እያየሁ ነው" አለችኝ። ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጭ ነበር። መስኮቱን በፕላስቲክ ለጠፍኩ፤ ሙቀቱ አፈናት። ፍራሿን ወደ በሩ ሳብኩ፤ ጭሱ በበሩም ገባ። አሁንም ግን ወለሉ ላይ ነው ያስተኛኋት። አሁንም ዝቅ በይ ነበር የምላት!

ለምን ያን ጊዜ ለዶክቶራዋ ሄጄ አልነገርኳትም ትዪ ይሆናል። ክፍሉ ይታሸጋል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፈርኩ። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

ዙሀራ ናት የጮኸችብኝ። "እትዬ፣ ልጅቷ እየሄደች ነው፣ አንቺ ፕላስቲክ ትለጥፊያለሽ! ያላ ተነሺ!" አለችኝ። የምትሠራው ሐዝሚዬ ኮረብታው ላይ ነው፤ ማዳሟ ልጆቿን ልትጠይቅ ወደ ውጭ አገር ሄዳ ነበር። በድብቅ ወሰድናት፣ ከሰገነቱ ላይ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገባናት። በሦስተኛው ቀን ፉጨቱ ቀነሰ። በአምስተኛው ሾርባ ጠጣች። ቤት ለቤት ስትሠራ በቀሰመችው አረብኛ የዙሀራን ማዳም ድምፅ እያስመሰለች "ዙሀራ፣ ዙሀራ፣ ብርጭቆው ላይ የጣት አሻራ አለ" እያለች ታስቃት ጀመር።

አንድ ጠዋት ደግፌያት ሰገነቱ ጫፍ ቆምን። ቤይሩት ከታች ነው፣ እስከ ባሕሩ። ከተማው ላይ ቡናማ ነገር ተኝቷል። ጉም አይደለም፣ ጉምን ከጦሳ አናት ስንት ጊዜ አይተናል። ይሄ ከላይ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስል ዳር አለው። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ራሳቸው ከሱ በላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ እግራቸው አይታይም። ዶራ የት ጋ እንደሆነ በጣቴ ፈለግሁ። ሥሩ ነበር። ያን ጊዜ ጭስ ወደ ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ከብት እንደሚተኛ ገባኝ። የተኛውም ልጅሽ ላይ እንደሆነ ገባኝ። ወደ ጫፉ ተጠጋሁ፣ እሷ በሽተኛዋ እኔን ጤነኛዋን ያዘችኝ።

ነገርኳት። ፖስታዎቹን የቀየርኩት እኔ ነኝ አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

እንዴት አወቅሽ አልኳት። "አክስትዬ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ስትጽፊ ትቸኩይ ነበር፣ ታሽ ያረገዘ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊደልሽ አማረ። በጣም ተጠንቅቀሽ ነበር የምትጽፊው። እውነት ስትጽፊ እንዲያ አትጠነቀቂም" አለችኝ። ለምን ዝም አልሽ ስላት፣ "ክፍሏን ታጣለች ብዬ። ደግሞ ገና መጻፍ መጀመርሽ ነው፣ ላሳፍርሽ አልፈለግሁም" አለች። ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ደረቷን ይዤ ቆምኩ።

በዚያው ቀን ራስ ቤሩት ሄድኩ። ዶክቶራ ሰሊማ ፊት ቆሜ የሠራሁትን ተናገርኩ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ስንቱን ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከሦስቱ በቀር ሁሉንም አልኳት። "እነዚያን ሦስቱን እኮ ጣልኳቸው" አለች ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ወረቀቶቹን ከየፖስታቸው አውጥታ ደረደረችልኝና፣ በትክክል ጻፊልኝ አለችኝ። አንድ በአንድ ጻፍኩ። ታው አረገዘ። ጥቁሩ ሁሉ ታች ሆነ። ስጨርስ፣ ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ሞተሩን ከዚያ አስነሳው ነበር፣ ክፍሉንም ማንም ሳያሽግባችሁ፤ የመጣሁት ለዚሁ ነበር አለችኝ። ይህን ያለችኝ ልትጎዳኝ ብላ አልነበረም። እውነቱን ነው የነገረችኝ።

እሷ ቃሏን ጠብቃለች። ጠበቃውን ይዛ ኸይረዲን ላይ መጣች፣ ደጋግማ መጣች። ኸይረዲን እሺ አለ። ነገ አለ። ብረት ቆራጩ ታሟል አለ። ነገ አለ።

በዚህ መሐል የዙሀራ ማዳም ሳይታሰብ ተመለሰች። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰገነቱ ወረድን። ነብዓ ሰፈር ያሉ የአገራችን ልጆች ዘንድ ላስጠጋት ሄድኩ፤ ሳሏን ሰምተው የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው ፈሩ፣ አልፈርድባቸውም፣ በአንድ ክፍል ስድስት ናቸው። የምንገባበት ሌላ አልነበረንም። ወደ ታች ተመለስን። አልጋው ላይ አስተኛኋት፣ አልጋውን በጡብ ከፍ አደረግሁት፣ በጡቡ ላይ ጡብ ጨመርኩ፣ ጣሪያውን ሊነካ። ዙሀራ ገብታ ስታያት "ንግሥት አደረጓት" ብላ ልታስቀን ሞከረች። ማንም አልሳቀም።

እዚያ ላይ ሆና ፊደል ታስተምረኝ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት በጣቷ አየር ላይ ትጽፈዋለች፣ እኔ ካርቶን ላይ እገለብጠዋለሁ። ከሰባቱ ሌላ ሁሉንም ያወቅሁት በእነዚያ ስምንት ቀኖች ነው። "ለእማዬ አንቺ ትጽፊላታለሽ" ትለኝ ነበር። ምን ብዬ? ስላት፣ "ያየሽውን" አለችኝ። ሌላ አላለችኝም።

ከስምንቱ ቀን በኋላ ስለመጣው ሐሙስ ዙሀራ ትነግርሻለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ወረቀት እንደጠየቁን፣ ወደ ሁለተኛው በታክሲ እንደሄድን፣ መንገዱ በመኪና እንደተዘጋ እሷ ታውቃለች። አብራን ነበረች። እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይነገርም፤ ባህላችንን አልረሳሁም። ደሴ እንደገባች መጀመሪያ የምትሄደው የእድራችሁ ዳኛ ዘንድ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከጎረቤቶችሽ ጋር በርሽን ሲያንኳኩ፣ አባቶችም አብረው ሲሆኑ፣ ክፈቺላቸው። ይህን ወረቀት የምትሰጥሽ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ሰው ሲበተን ነው። ስታነቢው ምንም አዲስ ነገር አልነገርኩሽም፤ የነገርኩሽ እንዴት እንደሆነ ብቻ ነው።

የሻንጣዋን ዕቃ ዙሀራ ይዛለች። ሰማያዊው ሹራብ ያንቺ ነው፣ ላንቺ ነበር የገዛችው። ካርቶኑን ግን አስቀርቼዋለሁ። ያረገዘው ታ ያለበትን። ብትጠይቂኝ እልክልሻለሁ።

ቧንቧው አሁን ተሠርቷል። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ባለው ሰኞ ሠሩት። አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እስከ ጣሪያው፣ ከጣሪያውም አልፎ ሁለት ሜትር። ኸይረዲን ጠርቶ አሳየኝ። "አየሽ ያ ሐጄ፣ አሁን ጥሩ ነው" አለኝ። ሀዘኔን እንደሚካፈል በቀስታ ነገረኝ፣ ክፍሉም ያው ያንቺ ነው አለኝ። ሳጥኑን ዶክቶራዋ መልሳ አምጥታ አስቀምጣዋለች። በየጠዋቱ እከፍተዋለሁ። ወረቀቱ አመድ መስሎ ይወጣል፤ እንደ በፊቱ አይጠቁርም። ታች ብዬ እጽፋለሁ። ታች የምተነፍሰው እኔ ብቻ ነኝ፣ አየሩ ለማን እንደጠራ አላውቅም።

አደራ ብለሽ ሰጥተሽኝ ነበር። አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ መምጣት ስላልቻልሽ፣ በስልክ "እንደ ዓይንሽ ብሌን" ብለሽኝ ነበር። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ያ ቃል ካንቺ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ብትረግሚኝም እሰማለሁ። ብቻ ቁጭ ብለሽ እህል ቅመሺ፣ ውኃ ጠጪ፣ ጉልበትሽን አሙቂ። መድኃኔዓለም ካንቺ አይራቅ። ጦሳ ላይ የሚነፍሰው ንጹሕ ነፋስ ቤትሽን አይለየው፤ ስትተነፍሺው ለሷም ጭምር ተንፍሺላት። እኔን ከጸሎትሽ ካወጣሽኝ ልክ ነሽ።

ደብዳቤውን ስጀምር የጻፍኩትን ስም ተመልሼ አየሁት። ፊደሉ ከሌላው ሁሉ ያምራል፤ በጣም ተጠንቅቄ ነው የጻፍኩት። እሷ ብታየው ትስቅብኝ ነበር። አልሰረዝኩትም፣ እሱም የሚመልሰው አለው፤ የራሱን እሱ ይመልስ።

አደራሽን የበላች ታላቅ እህትሽ ነኝ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ከእንግዲህ ማንም ለዚህ ያበቃት ማነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ኸይረዲን ነው አልልም።